የጎተራ ርብራብ ተሸካሚ እንጨት አመራረጥ

ለደሴ ዙሪያና ለኮምቦልቻ አካባቢ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበት እህል ከአውድማ ከተነሣ በኋላ ዕጣው የሚወሰነው በጎተራው ነው። ስለ ጎተራ በሚነገርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ነቀዝ፣ ስለ አይጥና ስለ ክዳኑ ሣር ነው። ጎተራውን ከነእህሉ ከመሬት አንሥቶ ስለሚሸከመው እንጨት የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ተሸካሚው ሲወድቅ የክዳኑ ማማርም ሆነ የምርጉ ጥንካሬ የሚያድነው ነገር የለም።

በአንድ የክረምት ወራት ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጎተራ እንድናይ ተጠርተን ነበር። ጎተራው ከተሠራ ገና ሦስተኛ ክረምቱ ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ አባላቱ ጠዋት ሲመጡ አንዱ ማዕዘን ሰጥሞ፣ ምርጉ ተሰንጥቆ፣ ማሽላው ጭቃው ላይ ፈስሶ አገኙት። ከፈሰሰው ውስጥ ለመጪው ዓመት ዘር ተብሎ የተመረጠ ይገኝበት ነበር። ለምግብ የሚሆነውን ለቅመው፣ አጥበው፣ አስጥተው ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ረጥቦ ያጎነቆለ እህል ግን ዘር አይሆንም።

አባላቱ እንጨቱ ቀጥ ያለና ወፍራም ባሕር ዛፍ እንደ ነበር አስረዱን። የተናገሩት እውነት ነበር። ከመሬት በላይ ያለውን ክፍል በመጥረቢያ ጀርባ ስንመታው ጽኑ ድምፅ ይሰጥ ነበር። አፈሩን በዶማ ገለል አድርገን መሬቱ አፍ ላይ ስንፈትሸው ግን ቢላዋ ያለ ችግር ገባበት። ሁለት ሜትር ከሚጠጋ እንጨት የተበላሸው አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነበር። ይህች አንድ ስንዝር የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ናት።

እንጨት የሚበሰብሰው ለምንድን ነው?

እንጨትን የሚያበሰብሰው ውሃ ራሱ አይደለም። የሚያበሰብሱት ከሻጋታ ወገን የሆኑ ሕያዋን ናቸው። እነዚህም እንጨቱን ለመመገብ እርጥበትና አየር አንድ ላይ ማግኘት አለባቸው። የያዘው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። ከመሬት በላይ ያለው የቋሚ ክፍል ዝናብ ቢመታውም ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። በጥልቅ የተቀበረው ክፍል ደግሞ አየር ያንሰዋል። መሬቱ አፍ ላይ ያለችው ስንዝር ግን ከአፈሩ እርጥበት፣ ከላይ አየር ስለምታገኝ ከሁሉ አስቀድማ ትበሰብሳለች።

የዚህን እውነት ምስክር በወሎ ምድር ማየት ይቻላል። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በእንጨት ድርብርብ የተሠራ ሲሆን፣ ዕድሜው ከ800 ዓመት በላይ ነው። የተሠራው በዋሻ ውስጥ ስለ ሆነ ዝናብ አይመታውም። እንጨት ከደረቀና ደረቅ ሆኖ ከቆየ የሰውን ትውልድ ብዙ ጊዜ ይተካል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ የጭቃ መሿለኪያ እየሠራ ወደ እንጨቱ ይወጣል። የውጭውን ቆዳ ሳይነካ ውስጡን ስለሚበላ ጉዳቱ ሳይታወቅ ይቆያል።

ደጋና ወይና ደጋ አንድ ዓይነት ምክር አይሰጣቸውም

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም የእንጨቱ ጠላት ይለያያል። በደሴ ዙሪያ ደጋማ ቀበሌዎች ዋናው ችግር ብርድና ጭጋግ ስለሚበዛ እንጨቱ ቶሎ አለመድረቁ ነው። ዝናቡም ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በክረምት፣ ይመጣል። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ቃሉ ዝቅ ሲባል ሙቀቱ ስለሚጨምር መበስበሱም ይፈጥናል፤ ምስጡም ይበረታል። ስለዚህ በደጋው ብዙ ዓመት የቆመ የእንጨት ዓይነት በቆላው በኩል ያን ያህል ይቆያል ብሎ መምከር ስሕተት ነው።

ተሸካሚው ሦስት ክፍል አለው

እንጨት ከመምረጥ በፊት እንጨቱ የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ መለየት ያስፈልጋል።

1. ቋሚ፦ ሸክሙን ሁሉ ወደ መሬት የሚያወርድ ነው። ከሁሉ ይልቅ ለመበስበስና ለምስጥ የተጋለጠ ስለ ሆነ የተመረጠው እንጨት ለዚህ ይውላል።

2. አግዳሚ፦ በቋሚዎቹ ራስ ላይ ተጋድሞ ርብራቡን የሚሸከም ነው። የሚያስፈልገው ሳይጎብጥ የመሸከም ጉልበት ነው።

3. ርብራብ፦ በአግዳሚው ላይ ተደርድሮ ጎተራው የሚቀመጥበት ነው። ከዝናብ የተጠለለ ስለ ሆነ ቀጭንና ተራ እንጨት ይበቃዋል። ቢበላሽም ለመቀየር ቀላል ነው።

ብዙ ጊዜ የምናየው ጥፋት የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚታየው ክፍል ያምር ዘንድ ጥሩው እንጨት ለርብራቡ ይሰጥና፣ የማይታየው ቋሚ ከተረፈው ይሠራል።

በአካባቢው የሚገኙ እንጨቶች

ነጭ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ በደሴ ዙሪያ ከጦሳ ተራራ ጀምሮ በየጓሮው የሚታየው ነጩ ዓይነት ነው። ባሕር ዛፍ ጉልበት አያንሰውም፤ የሚያንሰው ዕድሜ ነው። ለአግዳሚና ለርብራብ እጅግ ተስማሚ ነው። በቀጥታ መሬት ውስጥ ለሚቀበር ቋሚ ግን፣ በተለይ ወጣቱ፣ አይመከርም። ሲደርቅ የመሰንጠቅና የመጠምዘዝ ጠባይ ስላለው በጥንቃቄ መድረቅ አለበት።

ቀይ ባሕር ዛፍ። በኮምቦልቻ በኩል ባለው ሞቃት ቦታ የሚስማማው ይህ ነው። የበሰለው ዛፍ ልብ ቀይና ከባድ ስለ ሆነ ከነጩ ይልቅ መበስበስን ይቋቋማል። ለቋሚ የሚመረጠውም ልቡ የሰፋው ነው።

የፈረንጅ ጥድ። ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ለመጋዝና ለሚስማር የሚመች ቀላል እንጨት ነው። ከባሕር ዛፍ ይልቅ ስለሚለሰልስ ለአግዳሚነት ሲውል ወፈር ማለት ይገባዋል። ውጫዊው ነጭ ክፍል ቶሎ ስለሚበሰብስ መሬት መንካት የለበትም።

የሐበሻ ጥድና ወይራ። የጥድ ልብ መበስበስንም ምስጥንም በመቋቋም የታወቀ ነው። ወይራም እጅግ ከባድና ጽኑ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ዛፎች ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። በኮምቦልቻ አጠገብ በየጎፍ ተራራ ያለው ዓይነት የተፈጥሮ ደን አንድ ጊዜ ከተመነጠረ በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ጥድን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ያም አዋጅ ተሽሮ በኋላ አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ወጥቷል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ማናቸውንም አገር በቀል ዛፍ ስለ መቁረጥ ከመምከሩ በፊት የወረዳውን ደን ክፍል ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ጥድ ወይም ወይራ ከተገኘ ግን ለቋሚ መጠቀሙ የተመረጠ ነው።

ዋንዛ። ለሣንቃና ለቤት ዕቃ የሚፈለግ ውድ እንጨት ስለ ሆነ ለተሸካሚነት ማዋሉ ብክነት ነው።

ብሳናና ግራቪሊያ። ብሳና ቶሎ ይነቅዛል። ግራቪሊያም መሬት ሲነካ አይቆይም። ሁለቱም ለቋሚ አይሆኑም።

ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን ልቡን ማየት

የእንጨት ዓይነት ስሙ ብቻ አይበቃም። የማንኛውም እንጨት ውጫዊ ነጭ ክፍል፣ ዛፉ ጥድም ቢሆን፣ ለመበስበስ የተጋለጠ ነው። የሚቆየው ጠቆር ወይም ቀላ ያለው ልቡ ነው። ከጉቶ አቆጥቁጦ በ5 ወይም በ6 ዓመቱ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ቢያምርም አብዛኛው ነጭ ክፍል ነው። ከላይ የጠቀስነው ማኅበር የተጎዳውም በዚህ ነው።

ስለዚህ ለቋሚ እንጨት ሲገዛ ወይም ሲቆረጥ ጫፉን በመጋዝ አስተካክሎ መመልከት ያስፈልጋል። ልቡ ከጠቅላላው ስፋት ሁለት ሦስተኛ ያህል የሆነ እንጨት ይመረጣል። ከዚህም ሌላ የተጠማዘዘ፣ ትልልቅ አንጓ ያለበት፣ በርዝመቱ የተሰነጠቀና በነፍሳት የተበሳ እንጨት መተው አለበት።

መቁረጥና ማድረቅ

በደሴ ዙሪያ የበልግ እህል የሚሰበሰበው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እህሉ ጎተራ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትልቁ ዝናብ ይመጣል። ስለዚህ ተሸካሚው በግንቦት መጨረሻ ዝግጁ መሆን አለበት። ከዚህ ወደ ኋላ በመቁጠር ሥራው እንደሚከተለው ይከፈላል።

ሀ) እንጨቱ በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ በደረቁ ወራት ይቆረጣል።

ለ) በተቆረጠ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ልጡ እርጥብ ሳለ፣ ይላጣል። ልጡ ያልተነሣ እንጨት በውስጡ እርጥበትና ነፍሳት ያቆራል።

ሐ) ጫፎቹ ቶሎ ደርቀው እንዳይሰነጠቁ በእበት ወይም በጭቃ ይቀባሉ።

መ) ከመሬት 30 ሳ.ሜ. ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ፣ በየድርድሩ መካከል ቀጭን እንጨት እየተጋደመ በጥላ ሥር ይከመራል። ፀሐይ ላይ መጣሉ ባሕር ዛፍን ይሰነጥቀዋል። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ክምሩ ከላይ ይከደናል፤ ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ይሆናል።

ሠ) መድረቁን ለማወቅ ማኅበሩ ባለው የእህል ሚዛን ከክምሩ አንድ ሁለት እንጨት በየወሩ መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

እርጥብ እንጨት ተሠርቶበት ከቆየ በኋላ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ሚስማሩና ሽቦው ይላላሉ፤ ርብራቡም ይነቃነቃል። የደረቀ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጠንካራ ስለ ሆነ ሚስማሩን ያጣምማል፤ እንጨቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። በመሰርሰሪያ አስቀድሞ መብሳት ለዚህ መፍትሔ ነው።

ስንት ኩንታል ይሸከማል?

20 ኩንታል እህል የሚይዝ ጎተራ የራሱ ክብደት 3 ኩንታል ያህል ነው ብንል፣ ተሸካሚው 23 ኩንታል ወይም 2,300 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ርብራቡ 2 ሜትር በ2 ሜትር ቢሆንና በ3 ረድፍ 3፣ 3 ቋሚ ቢኖረው፣ ሸክሙ ለ9 ቋሚዎች እኩል የሚካፈል ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መካከለኛው ቋሚ ብቻውን የርብራቡን ሩብ ያህል፣ ማለትም ወደ 6 ኩንታል ወይም ከዚያ በላይ ይሸከማል። የማዕዘኑ ቋሚ ድርሻ የዚህ ሩብ ያህል ነው። ስለዚህ ከሁሉ የተሻለው እንጨት በመካከል ይቁም።

ለዚህ መጠን ጎተራ የሚከተለውን እንመክራለን፦

– ቋሚ፦ 9፣ ውፍረታቸው 15 ሳ.ሜ.
– አግዳሚ፦ 3፣ ውፍረታቸው 12 ሳ.ሜ.፣ ከቋሚ እስከ ቋሚ 1 ሜትር
– የርብራብ ወፍራም እንጨት፦ 6፣ ውፍረታቸው 8 ሳ.ሜ.፣ በየ40 ሳ.ሜ. የተደረደሩ፤ በላያቸው ቀጭን እንጨት ይነጠፍባቸዋል

ለመቆጠብ ሲባል ቋሚዎቹን ማራራቅ አደገኛ ነው። በቋሚዎች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ያው እንጨት በዚያው ዓይነት ጭነት የሚጎብጠው 16 እጥፍ ነው። በሌላ በኩል ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ክብ እንጨት ሳይሰበር የሚሸከመው 8 እጥፍ ነው። በመጋዝ የተሰነጠቀ 5 በ10 ሳ.ሜ. እንጨት የሚጠቀም ማኅበርም በጠባቡ ጎኑ ማቆም አለበት። በጠባቡ ጎኑ የቆመ እንጨት በሰፊው ጎኑ ከተኛው ሁለት እጥፍ ይሸከማል፤ የሚጎብጠውም ሩብ ያህል ብቻ ነው።

እንጨቱን ከአፈር መለየት

ከመልካም እንጨት የበለጠ ዕድሜ የሚሰጠው ቋሚውን ጨርሶ አለመቅበር ነው። በወሎ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ቋሚ ከ40 እስከ 50 ሳ.ሜ. ጉድጓድ ተቆፍሮ ጠጠርና ድንጋይ ይሞላበታል። በላዩ ከመሬት 30 ሳ.ሜ. ከፍ የሚል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጥና ቋሚው በዚያ ላይ ይቆማል። ውሃ እንዳይተኛበት የድንጋዩ ላይ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ይበል። ሲሚንቶ የሚያገኝ ማኅበር በድንጋዩ ግንብ ውስጥ ፌሮ አስገብቶ ቋሚውን ቢያስርበት የተሻለ ነው።

ዋልካ መሬት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዋልካ ላይ ጉድጓዱ ጠለቅ ማለት አለበት። ከተቻለ ግን ጎተራው ውሃ በማይተኛበት ጠጠራማ ቦታ ላይ ቢሠራ ይመረጣል።

ያልተቀበረ ቋሚ በነፋስ እንዳይነቃነቅ ከቋሚ ወደ ቋሚ በአራቱም ጎን ሰያፍ እንጨት መመታት አለበት። ይህን ማስቀረት አይቻልም። ርብራቡ ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ብሎ በየቋሚው ላይ እንደ ተደፋ ማንቆርቆሪያ የተሠራ ቆርቆሮ ቢደረግ አይጥን ይከላከላል። በሰሜን ስፔን ያሉ ገበሬዎች ጎተራቸውን በድንጋይ ምሰሶ ላይ አቁመው በየምሰሶው ራስ ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚያደርጉት ለዚሁ ነው።

ስለ መድኃኒትና ስለ ዘይት

የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ዘይቱ ወደ እንጨቱ ጠልቆ ስለማይገባ ጥቅሙ አጭር ነው። መሬቱንም ይበክላል። እህል በሚቀመጥበት ቦታ እንዲደረግ አንመክርም። ለመብራትና ለስልክ ምሰሶ ተብሎ በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ቁራጭም ከእህል ጋር በሚነካካ ቦታ መግባት የለበትም፤ ለማገዶም ፈጽሞ መዋል የለበትም፤ ጭሱ መርዝ ነው። የቋሚውን እግር በእሳት መለብለብ ላይ ላዩን ያጠቁረዋል እንጂ፣ ስንጥቅ ሲያገኝ ምስጡንም እርጥበቱንም አያግድም።

የልማት ሠራተኛው ሊሠራው የሚገባ

በየመንፈቁ፣ ከበልግ በፊትና ከክረምት በኋላ፣ እያንዳንዱን ቋሚ ከሥሩ በቢላዋ መውጋት፣ የምስጥ ጭቃ ካለ ማፍረስ፣ በድንጋዩ ዙሪያ የተከማቸ አፈርና ሣር ማንሣት ያስፈልጋል። ጎተራውን የሚነካ ማገዶ ወይም ጭድ አጠገቡ መከመር የለበትም።

ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ጣቢያ በቀላሉ የሚያደርገው ሙከራ አለ። በአካባቢው ከሚገኙ የእንጨት ዓይነቶች ከየአንዳንዱ 50 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው 5፣ 5 ችካሎች አዘጋጅቶ ግማሽ ርዝመታቸውን በአንድ ቦታ መቅበርና ስማቸውንና የተቀበሩበትን ቀን መመዝገብ ነው። ወጣትና የበሰለ ባሕር ዛፍ ለየብቻ ይቀበሩ። በየ6 ወሩ እየተነቀሉ ይታያሉ። የተመራማሪዎች የእንጨት ዕድሜ መፈተኛ መንገድም በመሠረቱ ይኸው ነው። ከሁለት ክረምት በኋላ ለገበሬው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ችካሎቹን ነቅሎ በእጁ መስጠት ይበቃል።

መደምደሚያ

መጀመሪያ ላይ ወዳነሣነው ማኅበር እንመለስ። አባላቱ ዘሩን በብድር ተክተው ጎተራውን እንደ ገና ሲሠሩ አዲስ ዛፍ ለመቁረጥ አስበው ነበር። ቋሚዎቹን አንድ በአንድ አውጥተን ስንፈትሻቸው ከ9ኙ 6ቱ ከመሬት በላይ ያለው ክፍላቸው ደኅና ሆኖ ተገኘ። የተበላሸችዋ ስንዝር ከነተቀበረው እግር በመጋዝ ተቆርጣ ተጣለች። ያጠረውን ያህል ድንጋይ ከሥር ተተካና ሰያፍ ተመታበት። የተቀየሩት 3 ቋሚዎች ብቻ ነበሩ። ለመካከሉ የበሰለ ቀይ ባሕር ዛፍ ተፈልጎ ተገኘ።

ያ ማኅበር ድንጋዩን መጀመሪያውኑ አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ ዘሩ ባልጠፋም ነበር። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ስለ እንጨት ሲጠየቅ «የትኛው ዛፍ ይሻላል?» ለሚለው መልስ ከመስጠቱ በፊት «የት ላይ ነው የሚቆመው?» ብሎ ይጠይቅ። ጓሮ ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ በስሎ ከተቆረጠ፣ ደርቆ ከተሠራና ከአፈር ከተለየ ለጎተራችን ይበቃል። በየጎፍ ያለው ጥድም ለልጆቻችን ይቆያል።